ከኋላ ወንበር ጀምሪ

አንድ ጡረተኛ መምህር ወደ ወሎ ቦረና ለተመደበች ወጣት መምህርት የሰጠው ምክር

ልጄ፣ «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» የሚለው ተረት በሽማግሌ ሸንጎ ያምራል፤ በመምህር አፍ ግን አያምርም። ብልሁ ሳይነገረው ከገባው፣ አንበሳውም ሳይመተርለት ከበላ፣ መምህር ደመወዝ የሚቀበለው በማን ስም ነው? ሰኔ ላይ አንደኛ የወጣውን ልጅ አቅፎ «እኔ ያስተማርኩት» እያለ የሚጎርር አስተማሪ ታያለሽ። ያ ልጅ እኮ መጽሐፉን ብቻ ቢሰጡት፣ የወንድሙን ደብተር እያገላበጠም ቢሆን ያልፍ ነበር።

«ጥሩ መምህር ምን ዓይነት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዕውቀት፣ ትዕግሥት፣ ሰዓት ማክበር፣ ልጅ መውደድ እያልኩ መደርደር ይቻለኝ ነበር። እሱን ኮሌጅ ሳለሽ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈሽ ነጥብ አግኝተሽበታል። እኔ መምህርን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ በመስከረም ምን ነበር፣ በሰኔስ ምን ሆነ? ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወለዳል።

ይህን ከኪሴ አውጥቼ አልነገርኩሽም፤ የተመደብሽበት አገር ራሱ ምስክር ነው። ቦረና ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያነሣው ጋስጫን ነው፤ ጋስጫ ሲባል ደግሞ አባ ጊዮርጊስን። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ15ኛው መጀመሪያ የኖረ፣ መጽሐፈ ምስጢርን የጻፈ፣ ሰዓታቱን የደረሰ፣ የነገሥታት ልጆችን ያስተማረ ሊቅ ነው። መጽሐፈ ምስጢር ተጽፎ ያለቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1424 ነው። በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን ጭቃውንና ዝናቡን ሳይፈራ ወደ ጋስጫ የሚወርደውን ሕዝብ ገና ታዪዋለሽ።

ታዲያ ይህ ሊቅ በልጅነቱ ምን ነበር? ትምህርት የማይገባው። ገድሉ እንደሚተርከው አባቱ ሕዝበ ጽዮን የቤተ መንግሥት ካህን ነበር፤ ልጁን ወስዶ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ሰጠው። ሐይቅ ያን ጊዜ ተራ ገዳም አልነበረም፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ጉባኤ ዘርግቶ ሊቃውንት ያፈራበት፣ የአገሩ ሁሉ ዓይን ያረፈበት ትምህርት ቤት ነበር። ልጁ እዚያ ሰባት ዓመት ቢቀመጥም አንድም ነገር አልያዝ አለው። መምህሩም ተስፋ ቆረጠና ወደ አባቱ ሰደደው። አባትየው ግን ልጁን እቤት አላስቀረውም፤ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠሁትን አልቀበልም ብሎ መልሶ ላከው። ልጁ ገዳሙን በጉልበቱ እያገለገለ፣ እህል እየፈጨ፣ ማታ ማታ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው ጽዋዓ ልቡናን ጠጥቶ ምስጢር የተገለጠለት።

ይህን ታሪክ ካህናቱ ሲያስተምሩት ተአምሩ ላይ ያተኩራሉ፤ ድርሻቸው ነውና አልፈርድባቸውም። እኔ በዕድሜ ዘመኔ ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ተአምሩ የእመቤታችን ነው፤ ልጁ ግን ተአምሩ እስኪደርስ ድረስ በገዳሙ ግቢ ውስጥ ነበረ። አባቱ «እሺ፣ ካልሆነለት ከብት ይጠብቅልኝ» ብሎ ቢሆን ኖሮ መጽሐፈ ምስጢርን ማን ይጽፍልን ነበር? ሐይቅ ያህል ቦታ፣ ያን ያህል ሊቅ በተሰበሰበበት ጉባኤ፣ ስለዚያ ልጅ ትክክለኛው ፍርድ የመምህሩ ሳይሆን የአባቱ ሆነ። ሐምሌ 7 ቀን ወደ ጋስጫ ከሚወርደው ምእመን መካከል የመለሰውን መምህር ስም ስንቱ ያስታውሰዋል? የልጁን ስም ግን ሁሉም ይጠራዋል፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ዛሬ ልጅን ወደ አባቱ የምንሰድበት መንገድ ሌላ ነው። «አንተ ለእረኝነት ነው የተፈጠርከው» እንላለን። «ነገ ወላጅህን ይዘህ ካልመጣህ እንዳትገባ» እንላለን፤ አባቱ ቆላ ወርዶ እህል ሲያጭድ ከርሞ እንደማይመጣ እያወቅን። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ምንም ሳንል ማለፋችን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙን ሳንጠራው ከክፍል ወደ ክፍል እናዛውረዋለን። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንድ መምህር «ሰነፍ» ብሎ የጠራውን ልጅ የሚቀጥለው መምህር ገና ሳያየው «ሰነፍ» ብሎ ይቀበለዋል፣ ልጆቹም ይከተላሉ፣ በመጨረሻም ልጁ ራሱ ያምናል። ስለዚህ ከአንቺ በፊት የነበረው መምህር ስለ ልጆቹ የሚነግርሽን በአንድ ጆሮሽ ስሚው፤ በሌላው ግን ልጆቹን ራሳቸውን አዳምጪ።

ልጅን ማዳመጥ ደግሞ ዘዴ ይጠይቃል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከየኔታ ዘንድ ነው፤ የአጎቴ ልጆች ከሼሁ ዘንድ ቁርአን ይቀሩ ነበር። እንደምታውቂው የወሎ ቤት እንዲህ ነው። ስለ የኔታ አርጩሜ በኋላ አነሣዋለሁ፤ ዘዴያቸውን ግን ልንገርሽ፤ ኮሌጅ ውስጥ በሌላ ስም ሳያስተምሩሽ አልቀሩም። ሀ ሁ ሂ ሃን ልጅ ሁሉ በዜማ ይሸመድደዋል። ጣቱ ለ ላይ ቆሞ አፉ መ ላይ ይደርሳል፤ ያነብ ይመስልሻል፣ ግን እየዘፈነ ነው። የኔታ ይህን ስለሚያውቁ ሀሁው ሲያልቅ አቡጊዳን ያመጣሉ። አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ፤ ቤቱም ቅደም ተከተሉም ተበጥብጦ ይመጣል። በዜማ የመጣው ልጅ እዚያ ላይ ቀጥ ይላል። ማን ፊደል እንደለየ፣ ማን ደግሞ እንደሸመደደ ያኔ ይታወቃል፤ ማንም ሳይሰደብ፣ ማንም ውጤት ሳይለጠፍበት። ይህን ያሰበው የጥንት ሰው ስሙ አልደረሰንም እንጂ ታላቅ መምህር ነበር።

አንቺም የራስሽን አቡጊዳ አዘጋጂ። ልጆቹ ሰባት ጊዜ ስምንትን በዜማ ከነገሩሽ፣ ስምንት ረድፍ በቆሎ በየረድፉ ሰባት ሰባት አገዳ ቢኖረው ስንት ይሆናል ብለሽ ጠይቂ። ዝም ካሉ ገና አላወቁትም ማለት ነው።

አንድ ልጅ ልንገርሽ። ከቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም ርቆ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምር ባልደረባ ነበረኝ። ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ አለ፤ መጽሐፍ ሲሰጡት አፉ ይተሳሰራል። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እሱ ያቀረቅራል። «ደደብ ነው» ተብሎ ተፈርዶበታል። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ባልደረባዬ ከክፍል ሲወጣ ልጆቹ ሣር ላይ በደረታቸው ተኝተው አንድ መጽሐፍ ከበዋል። ያ ልጅ ከመጽሐፉ ራስጌ በኩል ተኝቶ ለጓደኞቹ ያነብላቸዋል! መምህሩ ቀስ ብሎ ተጠጋ፤ መጽሐፉን አንሥቶ ዘቅዝቆ ሰጠው። ልጁ ሳይደናቀፍ አነበበው። ለካ ቤት ውስጥ አንድ መጽሐፍ ነው ያለው፤ መጽሐፉን የምትይዘው ታላቅ እህቱ ናት፣ እሱ ደግሞ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነው ፊደል የለየው። ፊደሉን ሁሉ ተዘቅዝቆ ነበር የሚያውቀው። በድሮ ጊዜ አንድ ብራና ለብዙ ሰው በነበረበት ዘመን እንዲህ የሚያነቡ ሰዎች ብርቅ አልነበሩም። በእኛ ክፍል ግን «ደደብ» ተባለ። መምህሩ ያደረገው ነገር ቢኖር እህትየውን ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽን ከጎንሽ አስቀምጪው» ማለት ብቻ ነው።

ልብ በይ፤ ባልደረባዬ ከሌሎቹ የበለጠ ዲግሪ አልነበረውም። በዕረፍት ሰዓት ዓይኑ ልጆቹ ላይ ነበር እንጂ።

ይህን ስል ዕውቀት አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስልሽ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል አባቶች፤ ሻሽ መጠምጠም ሊቅ አያደርግም፣ ዲፕሎማም ብቻውን እንደዚያው ነው። የገጠር ልጅ አፉን አይከፍትብሽም እንጂ አለማወቅሽን በሁለት ቀን ይደርስበታል። ቅኔ ቤትን ተመልከቺ። ጀማሪው ተማሪ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ሲቆጥር ይውላል። ማታ መጥቶ ለአስነጋሪው ይናገራል፤ ይታረማል፤ ነገ ደግሞ ሌላ። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የሚገርመኝ ግን መምህሩ ነው። በጉባኤው ፊት የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ መናገር ነውር ነው፤ መምህሩም እንደ ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ይዞ መቅረብ አለበት። ለተማሪው ሁልጊዜ ፈታኝ፣ ለራሱ ሁልጊዜ ተፈታኝ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ለዓመታት አንዱን ኖት እያስገለበጠ የሚኖር አለ፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ተበልቷል፣ እሱ ግን አሁንም «ጻፉ» ይላል።

የማታውቂው ነገር ሲያጋጥምሽ ደግሞ «ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ» በይ፤ ነገም ንገሪያቸው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ልጅ ከመምህሩ የሰማውን ስሕተት አባቱ ቢያርመው እንኳ አይለቅም፤ «ቲቸር ናት ያለችው» ብሎ ይሟገታል።

በሼሆቹ ዘንድም ዕውቀት እንዲሁ ይቀድማል። በወሎ ደረሳው፣ ማለት የሼሁ ተማሪ፣ ሕገ ሃይማኖቱን ፊቅህን ሲሻ ወደ አንዱ ሼህ፣ የዐረብኛ ሰዋስውን ነሕውን ሲሻ ወደ ሌላው ሼህ ተራራ አቋርጦ ይሄዳል፤ የመንደሩ ሰው ያበላዋል። ሼሁ በስሙ ሳይሆን በያዘው ዕውቀት ይታወቃል። እንደ ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉ ሊቃውንት ዐረብኛውን እንደ ውሃ እየጠጡት መንዙማቸውን በአማርኛ ገጥመው በዐረብኛ ፊደል ጻፉት። ለምን? ሕዝቡ የሚሰማው አማርኛ ስለሆነ። ከመጽሐፍ ቃል ይልቅ በልጁ ጆሮ የሚገባውን ቃል የሚፈልግ ሰው እሱ መምህር ነው። አንቺም ሳይንስ ስታስተምሪ የመጽሐፉን ምሳሌ ብቻ አትያዢ፤ ደንቆሮ ጫካ የሚባለው ደን አጠገብሽ አለልሽ፤ ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ አስታውን ልጆቹ ከአንቺ የበለጠ ያውቃሉ። እነሱ ይንገሩሽ፤ አንቺ ደግሞ ስሙንና ምክንያቱን ጨምሪበት።

አሁን ወደ አርጩሜው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ «እኛን ሰው ያደረገን ዱላ ነው» ማለት ይወዳል። እኔ አልስማማም። እንዲህ የሚባለው ሰው የሆኑት ብቻ ተቆጥረው ስለሚታዩ ነው፤ በዱላው ምክንያት ከየኔታ ቤት ሸሽተው በዚያው የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? የተረፉት ስለ ዱላ ይመሰክራሉ፤ ያልተረፉት ግን አብረውን ቁጭ ብለው ቡና አይጠጡም። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚለውን ተረት ያወጡት የእኛው እናቶች ናቸው። የአንደኛ ክፍል ልጅ አፍንጫው ይፈሳል፣ ጫማው ጭቃ ነው፣ አንዳንዱ ሌሊቱን ጥጃ አጠገብ ተኝቶ ይመጣል። ከእሱ ሽታ ፊቷን የምታዞር መምህርት ልጁ ሳትናገረውም ያውቃታል።

ቁጣም ቦታ አለው፤ አልክድም። ሥራውን ሊሠራ እየቻለ የተወውን ልጅ ቆጣ ብለሽ ንገሪው፤ ቁጣሽ ከሥራው ላይ ይሁን፣ ከዘሩና ከቤቱ ላይ ግን አይሁን። ባለፈው የቆጣሽው ልጅ ዛሬ ትክክል ሲመልስ በዚያው ድምፅ፣ ክፍሉ እየሰማ አመስግኚው።

ልጁን ሳያዩ ማስተማር ምን እንደሚመስል ደግሞ ላሳይሽ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ የሚባል የቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር፤ ክፍል ያለው መምህር ጥግ ይዞ ይቆም ነበር። ፕላዝማው ዕውቀት አልጎደለውም፤ ሥዕሉ ያምር ነበር፣ ሙከራውም ግሩም ነበር። «አሁን ለዚህ ጥያቄ መልስ ስጡ» ይል ነበር፤ ልጆቹ ጥያቄውን ገና ሲገለብጡ እሱ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ልጆቹ ግራ ሲጋቡ አያይም። ከዚያ ወዲህ አንድ መምህር ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ሲያስተምር ባየሁ ቁጥር «ይህ ደግሞ የጠመኔ ፕላዝማ ነው» እላለሁ።

ልጁን ሳያዩ የማስተማር ውጤት ዛሬ ፊታችን ላይ ተደቅኗል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ሰው ሁሉ «የዘንድሮ ልጅ» እያለ በልጁ ላይ ጣቱን ቀሰረ። እኔ ግን የ12ኛ ክፍል ውድቀት በ12ኛ ክፍል አልተጀመረም ባይ ነኝ፤ የሚጀመረው አንቺ በምትይዢው ክፍል ነው፤ ሀሁን በዜማ አልፎ አቡጊዳ ላይ ማንም ሳያስቆመው በተዛወረው ልጅ ላይ። አባ ጊዮርጊስን ያፈራ አገር ስድስተኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ሲይዝ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ደግሞ ፍርድሽ ገደብ ይኑረው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ የወሎ ልጅ መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት። 2014 ዓ.ም. ሊብት ሲል የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ማን ጀመረው፣ ማን ያብርደው የሚለውን ትልልቆቹ ይከራከሩበት፤ ለልጁ የተዘጋ በር የተዘጋ በር ነው። እንግዲህ ድምፁ የጎረነነ፣ ቁመቱ ከአንቺ የሚተካከል ልጅ ከትናንሽ ልጆች ጋር ሦስተኛ ክፍል ተቀምጦ ብታገኚ፣ እሱ ሰነፍ አይደለም፤ ዓመታት የተወሰዱበት ነው። በትንንሾቹ ፊት አታስነብቢው። ማታ ከመሄዱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን አስነብቢው፤ ከፈለገ ጠመኔ ማደልን፣ የክፍል አለቅነትን ስጪው። ሰው ክብሩ ከተጠበቀለት ከትንሽ ልጅ ጋር ቁጭ ብሎም ይማራል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጥረዋል፤ አላፈሩም፣ ምክንያቱም «እማማ፣ አባባ» እየተባሉ ነበር የሚማሩት።

ስለ ሴቶቹ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህስ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ዝምታ ወርቅ ነው እያልን አሳድገናቸዋል፤ ክፍል ሲገቡ ግን ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። እጅ የምታወጣውን ብቻ አትጠይቂ። ሴት ልጅ ሳትጠየቅ አትናገርም፤ ስትጠየቅም ቀስ ብላ ነው፤ ድምፅዋ እስኪወጣ ጠብቂያት፤ ወንዶቹን «ቆይ፣ እሷ ትመልስ» በያቸው። ከዚያ ጥር ላይ የሠርግ ወሬ ሲሰማ ያቺ ልጅ ከክፍል ትጠፋለች። ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች በሕግ የተከለከለ መሆኑን አባትየው አያጣውም፤ ሕጉን ከፖሊስ አፍ ሲሰማው ግን ልቡ ይደነድናል። አንቺ ቀደም ብለሽ፣ ገና በኅዳር፣ ለቡና ሂጂ። እናቲቱ አጠገብ ተቀመጪ፤ የልጅቷን ደብተር ይዘሽ ሂጂና ጽሕፈቷን አሳዪያቸው። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች እንኳ የልጃቸውን የተስተካከለ ጽሕፈት ሲያዩ ዓይናቸው ያበራል። «ሰርጉ ይቅር» ብለሽ አትጀምሪ፤ «ይህች ልጅ አምስተኛ ክፍል ስትገባ እንዲህ ትሆናለች» ብለሽ ጀምሪ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና የሰፈሩን ሽማግሌም፣ ቄሱንም፣ ሼሁንም ይዘሽ ሂጂ። ሁልጊዜ ይሳካል አልልሽም፤ መሄድሽ ግን ካለመሄድሽ ይሻላል።

የገበያ ቀን የክፍልሽ አንድ ሦስተኛ ባዶ ይሆንብሻል፤ በአጨዳም እንዲሁ። መቅረቱን በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብለሽ ማለፍ አይበቃም። ለምን እንደቀረ ጠይቂ፤ ጠዋት የሚመጣ ትንሽ ወንድም ይኖረዋል፤ እሱ ይነግርሻል። ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ዕቅድሽንና ሮስተርሽን ያያል፤ ሱፐርቫይዘሩም መጥቶ ቅጽ ይሞላል፤ የቀረውን ልጅ መፈለግሽን ግን ማንም አያይልሽም። ከእነሱ ጋር አትጣዪ፤ ወረቀቱን በጊዜው ጨርሺና ለእነሱ ስጪያቸው፤ የቀረው ጊዜሽ የልጆቹ ነው።

ስለ ኑሮሽም ዝም ብዬ አላልፍም። የመምህር ደመወዝ ለወር አይበቃም፤ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። በባዶ ሆድ ስለ ሙያ ክብር የሚሰብክሽ ሰው ሲመጣ ደመወዙን ጠይቂው። ዝውውር ብትጠይቂም አልቀየምሽም፤ ወጣት ነሽ፣ ደሴን ወይም ባሕር ዳርን ብትመኚ ወግ ነው። ብቻ አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ዝውውሩ እስኪመጣ ድረስ እንደ ተሻገረ ሰው አትቀመጪ። ልቧ ከመካነ ሰላም የሚወጣው አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ መምህርት ልጆቹ ያውቋታል፤ ከእሷም ምንም አይይዙም።

መስከረም ላይ ስም ስትጠሪ ከስም ዝርዝሩ ግርጌ ጀምረሽ ወደ ላይ ጥሪ፤ በፊደል ተራ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚጠሩት ልጆች አንድ ጊዜ ቀድመው ይጠሩ። ኋላ ወንበር ያሉትን በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ፊት ወንበር አምጥተሽ አስነብቢያቸው፤ መጽሐፉንም አንድ ጊዜ ዘቅዝቀሽ ሞክሪያቸው። በሰኔ ካርድ አድለሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ስንት ልጅ አለፈ ብዬ አልጠይቅሽም፤ በመስከረም ክፍልሽ ገብተው በሰኔ ያልነበሩትን ልጆች ስም ግን አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ፤ ክረምቱ ሳይገባም ወደየቤታቸው እንሄዳለን።